በእኔ ደጅ ሳር አይበቅልም

ቤት የሚቆሽሸው ከደጅ ጀምሮ ነው። ሶፋ ሥር ተንበርክከው አቧራ የሚያድኑ ሴቶች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ጉልበታቸው ይተርፍላቸው ነበር። ቆሻሻ ክንፍ የለውም፤ የሚገባው በሰው እግር ነው። እግር የሚረግጠው መሬት ንጹሕ ከሆነ ይዞት የሚገባው ነገር ከየት ይመጣል? ይህን ያስተማረኝ መምህር የለም። እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ እሷንም እናቷ።

ስለዚህ የእኔ ደጅ ባዶ መሬት ነው። ከአጥሩ በር እስከ በረንዳው ደረጃ አንዲት ሰበዝ ሳር አታገኙም። ቀዩ የጆርጂያ አፈር በመጥረጊያ ብዛት እንደ ተለሰነ ወለል ጠንክሯል። መጥረጊያው ደግሞ የሱቅ አይደለም። ብርዱ ሲገባ ጫካ ወርጄ ቀጫጭን ጭራሮ እቆርጣለሁ፣ ቅጠሉ እስኪረግፍ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ በአሮጌ ጨርቅ ጥፍር አድርጌ አስረዋለሁ። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ከአጥሩ በር እጀምርና ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያልኩ እስከ በረንዳው እጠርጋለሁ። ስጨርስ መሬቱ ላይ የመጥረጊያው መስመር ብቻ ይቀራል። ያንን መስመር ሳየው ቤቱ ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ ግማሹ ያለቀ ይመስለኛል። ደግሞም ያለቀ ነው።

የዛሬ ሰዎች ሳር ይተክላሉ። ከዚያ እንዲያድግ ውኃ ያጠጡታል፤ ሲያድግ ደግሞ እንዳያድግ ያጭዱታል። የሚበላው በሬ እንኳ የላቸውም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ዓመት ወደቅኩ። የወደቅኩት ደጅ አይደለም፤ ይህ ይታወቅልኝ። መታጠቢያ ቤት ነው የወደቅኩት፣ የልጄ ሚስት ቫኔታ «እግርዎን እንዳይበርድዎት» ብላ ለገና ባመጣችልኝ ጸጉራም ምንጣፍ ላይ። ምንጣፉ ተንሸራተተ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ጎረቤቴ ፐርሊን መጥታ አገኘችኝና ጮኸች፣ አምቡላንስ መጣ፣ ሆስፒታል ወስደው ዳሌዬን ቀደዱና ብረት ከተቱበት። ገና ማደንዘዣው ሳይለቀኝ ልጄ ላሞንት ከአትላንታ ደርሶ አልጋዬ ግርጌ ቆሟል።

ላሞንት አንድዬ ነው። ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። እግዚአብሔር ያክብረው። ግን ከእኔ ጋር ሲነጋገር እንኳ ኮሪደር ላይ ሲሮጥ የያዘውን ልጅ የሚቀጣ ይመስለዋል።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ነው የምትኖሪው። አለቀ።»

«ምኑ ነው ያለቀው? ማን ጀመረውና?»

«ክፍልሽን አዘጋጅተናል። ወለሉ ጥግ እስከ ጥግ ወፍራም ምንጣፍ ነው። ብትወድቂ እንኳ አትጎጂም።»

«ስወድቅ እንዲመቸኝ ብዬ ነው አትላንታ ድረስ የምሄደው?»

«ቀልድ አይደለም እማዬ።»

«እኔስ መቼ ሳቅኩ?»

እንዲህ እንዲህ እየተባባልን ሰነበትን። መራመድ የሚያስተምሩኝ ልጆች ኮሪደሩን ሲያመላልሱኝ እሱ ከጎን ከጎን እየሄደ ይሰብከኛል። በመጨረሻ እንደ ርዕሰ መምህር ሐሳብ አመጣ።

«እሺ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ። እኔ ግን ሳልደውል እመጣለሁ። መቼ እንደምመጣ አልነግርሽም። ቤቱ ተዝረክርኮ ካገኘሁት፣ ሳህን ተከምሮ፣ አልጋ ሳይነጠፍ፣ ወለሉ ሳይጸዳ ካየሁ፣ ብቻሽን መኖር አቅቶሻል ማለት ነው። ያኔ ያለ አንድ ቃል ክርክር ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።»

ሳቄ መጣ። የእኔን፣ የኦዜላን ቤት ተዝረክርኮ ሊያገኝ! የእኔን አልጋ ሳይነጠፍ ያየ ሰው ገና አልተወለደም። እጄን ዘረጋሁለትና ጨበጠኝ። እኛ ዘንድ የተጨበጠ እጅ ከፊርማ ይበልጣል፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት ላሞንት ራሱ አመጣኝ። መኪናው ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ዓይኔን ተጠራጠርኩት። ከአጥሩ እስከ በረንዳው አረንጓዴ ነው።

«የማን ቤት ነው ያመጣኸኝ?» አልኩት።

ላሞንት ፈገግ አለ። ቫኔታ ሁለት እጇን ዘርግታ ከበረንዳው ወረደች። «እንኳን ደህና መጡ እማማ! ሰርፕራይዝ!» ከኋላዋ ፐርሊን የእኔ ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ተንሰራፍታ ኬክ ትበላለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሳር ነው እማማ ኦዜላ! ተጠቅልሎ ይመጣና እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ትናንት ነው ያስነጠፍነው። ከእንግዲህ መጥረግ ቀረልዎት።»

«ማን ይቅርልኝ አለ?»

«ሐኪሙ ጎንበስ ቀና አይበሉ ብሏል። እኛም...»

«ኦዜላ፣» አለች ፐርሊን አፏ ሙሉ ሆኖ፣ «ኬኩ ግን ጥሩ ነው።»

ላሞንትን አየሁት፣ ቫኔታን አየኋት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ያደገችው በር ላይ ሳር ያለው ሰው ደህና ሰው የሚባልበት ሰፈር ነው። የእኛን እናቶች ደጅ ስታይ ድህነት ይመስላታል፤ ጠርጎ የሚያድር ሰው ኩራት እንዳለው ማን ይንገራት? ዓይኗም እንባ አቅርሯል፤ ደስ ብሎኝ እንደሆነ ለማየት ፊቴን ትፈልጋለች። እንግዲህ ምን ላድርግ? «አመሰግናለሁ» አልኩ። ያቺን ቃል እንደ መራራ መድኃኒት ዋጥኳት።

እነሱ ሄዱ። ሳሩ ቀረ።

ቫኔታ በራሱ እየዞረ ውኃ የሚረጭ ነገር ተክላልኝ ነበር፣ ጠዋት ማታ ይክፈቱት ተብዬ። ከፈትኩት። አፈሩ ጭቃ ሆነ። በረንዳዬ ላይ ጫማ አውልቄ ብገባ ጭቃው ጨርቄ ላይ አለ፤ ጨርቄን ባራግፍ መደገፊያዬ ላይ አለ። ሆስፒታል የሰጡኝ መደገፊያ አራት እግር ነው፤ የእኔ ሁለት ሲጨመርበት ስድስት ጭቃማ እግር ይዤ እገባለሁ። እርጥብ የሳር ቅጠል ወለሉ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል፤ ሲደርቅ በጥፍር ካልተፋቀ አይለቅም። ጉንዳን መጣ። ሳሩ ሥር መንደር መሥርቶ የእኔን ወጥ ቤት ገበያ አደረገው፤ ስኳሩን ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት።

ድሮ ጠዋት ደጁን ጠርጌ፣ አልጋዬን አንጥፌ፣ ወጥ ቤቴን አንድ ጊዜ ወልውዬ ቀኔ የራሴ ነው። አሁን ወለሉን ጠርጌ ዞር ስል ወለሉ ተመልሶ ይጠብቀኛል። ወለሉ ላይ ስቆይ አልጋው ሳይነጠፍ ይረፍዳል፤ አልጋውን ሳነጥፍ ምድጃው ላይ ያለው ጎመን ያራል፤ ያረረውን ድስት ስፍቅ ልብሱ ሳይታጠብ ያድራል። ልማድ እንደ ሹራብ ክር ነው፤ አንዱን ጫፍ ስትመዙት እጅጌው ሁሉ ተተርትሮ ይመጣል።

ከሁሉ የባሰው ግን ይህ አልነበረም። መኪና ባለፈ ቁጥር መደንገጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ላይ ጎማ ሲፋጭ ሰማሁና ላሞንት የመጣ መስሎኝ ያልታጠበውን ሳህን አንስቼ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። የምድጃውን በር ዘጋሁና በጀርባዬ ተደግፌው ቆምኩ። ያለፈው የፖስታ መኪና ነው። እኔ፣ ኦዜላ፣ በገዛ ቤቴ ሳህን የምደብቅ ሰው ሆንኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ፐርሊን ለቅቤ መጣች። ፐርሊን ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ ጥጥ አብረን ለቅመናል፣ ባል አብረን ቀብረናል። ቤቷን ግን አትጠይቁኝ። እጇ የደከመበት ቦታ ላይ ዕቃ የምታስቀምጥ ሴት ናት። የተበላሸ ልብስ ማጠቢያ ማሽኗ በረንዳዋ ላይ ቆሞ ዓመታት አልፎታል፤ ዶሮዋ ውስጡ ትፈለፍልበታለች።

የአጥሩን በር አልፋ ትንሽ እንደ ተራመደች ቀጥ ብላ ቆመች።

«ኦዜላ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ጓደኛ አግኝተሻል።»

«ምን ጓደኛ?»

«እግር የሌለው። ደረጃሽ አጠገብ፣ ሳሩ ውስጥ። ሄደ... ሄደ፣ ወደ ቤትሽ ሥር ገባ። ሰላም ያላለኝ ጎረቤት እሱ ብቻ ነው።»

እባብ ባዶ መሬት ላይ አይታይም ማለቴ አይደለም፤ ይታያል፣ ስለሚታይም ይገደላል። እናቶቻችን ሳሩን የነቀሉት ለውበት ብቻ አልነበረም። እዚያው በረንዳው ላይ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ። ሳሩ ከቆየ ቤቱን አሸንፎ ይገባል፤ ቤቱ ከተሸነፈ ልጄ ይወስደኛል፤ ሳሩን ላንሳ ካልኩ ደግሞ የዛሬውን የቤት ሥራ ጥዬ ነው፤ ዛሬ ከመጣም ያው ይወስደኛል። ሁለቱም መንገድ አትላንታ ይደርሳል። እንግዲያው እኔ በመረጥኩት መንገድ ይድረስ።

«ፐርሊን፣ መኮትኮቻሽን አምጪ።»

«ለእባቡ?»

«ለሳሩ።»

ፐርሊን መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ ሳሩን አየች። «ዛሬ ላሞንት ቢመጣስ? የጠዋት ሳህንሽ እንኳ አልታጠበም። አልጋሽን ከዚህ አየዋለሁ፣ እንደ እኔ አልጋ ሆኗል።»

«ሳህኑ አይሮጥም።»

«ላሞንት ነው የሚሮጠው። አንቺ ሴትዮ፣ ይወስድሻል። ከወሰደሽ ደግሞ እኔ ቅቤ ከማን ልበደር?»

«ከመለስሽው ነው ብድር የሚባለው። ሂጂ፣ መኮትኮቻውን አምጪ።»

አመጣች። እኔ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበትና ከጥጉ ያዝኩ። ሳሩ ገና ሥር አልሰደደም ነበር። ጫፉን ቆንጥጬ ስስበው እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተገፎ መጣ፤ ሥሩ ነጭና ቀጭን ነው፣ እንደ ሕፃን ጸጉር። ከሥሩ ቀዩ አፈሬ ብቅ አለ። ረጥቦ፣ ተቦጫጭሮ፣ ግን የእኔው። እውነቱን ልናገር፣ የሞተ ዘመድ በር ያንኳኳ ያህል ደስ አለኝ።

እኔ በመኮትኮቻው እየቆረጥኩ፣ ፐርሊን እየጠቀለለች፣ ባልዲዬን እየገፋሁ ሄድን። ፐርሊን ስትሠራ አፏ አያርፍም።

«የቫኔታን ስጦታ ነው እንዲህ የምትጠቀልዪው። ምራትሽ ታለቅሳለች።»

«ታልቅስ። እንባ ጭቃ አይሠራም።»

«ላሞንትስ? ያሳደግሽውን ልጅ ታውቂዋለሽ፤ ግትር ነው።»

«ግትርነቱን ከማን ያመጣው ይመስልሻል?»

«ከአባቱ እንዳትዪ ብቻ። ያ ምስኪን በዚህ ቤት አንድ ቀን እንኳ እሺ ከማለት በቀር የተናገረው የለም።»

ሳቅን። ዳሌዬ ውስጥ ያለው ብረት ይጮኻል፤ እኔ ግን ከወደቅኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደህና ሆኜ አላውቅም። ሲርበን በጭቃማ እግራችን ወጥ ቤት ገባን። የትናንት የበቆሎ ዳቦ ቆርሰን፣ ቅቤ ቀብተን፣ ቆመን በላን። ቢላው እዚያው፣ ፍርፋሪው እዚያው፣ ብርጭቆው እዚያው ቀረ። ወለሉ ላይ የእኛ እግር ከበር እስከ ፍሪጅ ተስሏል። አየሁት፤ አይቼውም ወጣሁ።

ፀሐይ ወደ ጥዱ ጫፍ ስትጠጋ የሳሩ ጥቅል አጥሩ ሥር ተደርድሯል። የቀረው በደረጃው በኩል ያለችው ቁራጭ ናት። መኪናው የመጣው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ የፖስታ አይደለም፤ የአጥሩን በር አልፎ ቀዩ አፈር ላይ ቆመ።

ላሞንት ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ቆየ። ቫኔታ ወረደች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እማማ... ሳሩ?»

«ተጠቅልሎ እንደመጣ ተጠቅልሎ ይሄዳል፣ ልጄ።»

«ሞቶ ነው? ውኃ አላጠጡትም?»

«አጠጥቼዋለሁ። ገዳዩ እኔ ነኝ።»

ላሞንት ወረደ። ደጁን አላየውም። እኔን አላየኝም። ቀጥ ብሎ ወደ ቤት ገባ። መደገፊያዬን ይዤ ተከተልኩት፤ ሁለቱ ሴቶችም ከኋላዬ። ወጥ ቤቱ መሐል ቆሞ ሁሉንም ቃኘ፤ ሳህኑን፣ ፍርፋሪውን፣ የወለሉን ጭቃ። አንገቱን ዘርግቶ በመኝታ ክፍሉ በር ያልተነጠፈውን አልጋዬን አየ። ከዚያ እጁን አነሳና አመልካች ጣቱን ፍሪጁ አናት ላይ አስኬደ። ጣቱን ገልብጦ አየው።

ያቺን ጣት አውቃታለሁ። ከላሞንት በፊት አውቃታለሁ። ወጣት ሳለሁ ከተማ ውስጥ የነጮች ቤት አጸዳ ነበር። እመቤቲቱ ሥራዬን ስጨርስ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ የሥዕሉ ፍሬም ላይ፣ ማንም በማያይበት ቦታ ላይ ጣቷን ታስኬድና ገልብጣ ታየዋለች። አቧራ ካለ ዝም ትለኛለች፤ ከሌለም ዝም ትለኛለች። እኔ ያንን ጣት እያየሁ ነው ላሞንትን ያስተማርኩት። ያለ ጫማ ሄጄ ለእሱ ጫማ የገዛሁት ጣቷን ቆሜ እየጠበቅኩ ነው። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን በዚህ ጣሪያ ሥር ጣቱን የሚያስኬድ ሰው አልነበረም። ቤቴን የምጠርገው ለማንም ሳይሆን ለራሴ ነበር። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ግን ለእሷ ነው የምጠርገው፤ ሴትየዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ በልጄ እጅ ተመልሳ መጥታለች።

«ጣትህን አውርድ» አልኩት።

«ምን?»

«ጣትህን ከፍሪጄ ላይ አውርድ፣ ላሞንት።»

እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። ድምፄን ያውቀዋል፤ ትልቅ ሰውም ሆኖ ያውቀዋል።

«እማዬ፣ ተስማምተን ነበር። እጅሽን ሰጥተሽኛል።»

«ሰጥቼሃለሁ። አሁን ደግሞ እወስደዋለሁ። ቃሌን አፈርሳለሁ።»

ፐርሊን ከኋላዬ «ኧረ ኢየሱስ!» አለች። በዚህ ዕድሜዬ ቃሌን ሳፈርስ አይታ አታውቅም።

«ልታፈርሺው አትችይም» አለ ላሞንት። «አየሽ፣ ቤቱ...»

«ቤቱ ቆሽሿል። ዓይን አለኝ። ያቆሸሽኩትም እኔ ነኝ፣ እያየሁ፣ ፈልጌ። የእኔ ቆሻሻ ነው። ነገ አጸዳዋለሁ፤ ነገ ካላሰኘኝ ከነገ ወዲያ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ላሞንት፤ ስለዚህ ፈተና አልቀመጥም። አንተ የምትፈትናቸው ልጆች ትምህርት ቤትህ አሉ።»

«የምፈትንሽ ክፉ ስለሆንኩ ይመስልሻል? ስልክ ሳታነሺ ስትቀሪ ምን እንደሚሰማኝ ታውቂያለሽ? ሁለት ሰዓት መንገድ ነው እማዬ! ወድቀሽ ማን ያውቅልሻል?» ድምፁ ተሰበረ። ለካስ ርዕሰ መምህሩ ሥር ልጄ አለ።

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ፐርሊን ቀደመችኝ።

«እኔ አውቅላታለሁ» አለች። «ያን ጊዜስ እንዴት የመጣሁ መሰለህ? ሕልም ታይቶኝ? ጠዋት ተነሥቼ በመስኮቴ ሳይ ደጇ አልተጠረገም። የማታው ቅጠል እንዳለ ነው፣ የውሻ እግር አለበት። ኦዜላ በሕይወት እያለች ፀሐይ ያልተጠረገ ደጅ ላይ ወጥታ አታውቅም። ቡናዬን ጥዬ በሌሊት ልብሴ ሮጥኩ። እናንተ ደግሞ ሳር አነጠፋችሁበት። ካነጠፋችሁበት ቀን ጀምሮ በመስኮቴ ሳይ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ሞተችም ዳነችም አረንጓዴ ነው። በየጠዋቱ ለቅቤ ብድር የምመጣው ቅቤ ቸግሮኝ ይመስላችኋል? ቤቴ ውስጥ የተበደርኩት ቅቤ ፍሪጁን ሞልቶታል!»

ይህን እኔም አላወቅኩም ነበር። ዘወር ብዬ አየኋት። እሷ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

ላሞንት ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ፍርፋሪው ላይ ክርኑን አሳረፈ።

«ሳሩን ያመጣሁት እንዳይወድቁ ብዬ ነበር» አለች ቫኔታ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ ልጄ። ጸጉራሙንም ምንጣፍ ለደህንነቴ ብለሽ ነው ያመጣሽው።»

ፐርሊን ሳቋን መያዝ አቃታት። ቫኔታ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ እሷም አብራ ፈነዳች፤ እየሳቀች እንባዋን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች። «ለፋሲካ ሌላ ምንጣፍ ገዝቼ ነበር» አለች። «መኪናው ውስጥ ነው።»

«እዚያው ይቆይ» አልኳት።

ላሞንት ብቻ አልሳቀም። ቀና ብሎ አየኝ። «ነገ ብትወድቂስ?»

«ነገ ከወደቅኩ እወድቃለሁ። መሬቱ የእኔ ነው፣ መውደቁም የእኔ። አንተ የምትመርጥልኝ ወለል ላይ በምቾት ከመኖር ራሴ በጠረግኩት ላይ ብወድቅ ይሻለኛል። ተቆጣ፣ አልከለክልህም። ሻንጣ ግን አላዘጋጅም።»

«ተሸክሜ ብወስድሽስ?»

«ተሸክመህ ትወስደኛለህ፤ ተሸክመኸኝም ትኖራለህ፤ በእግሬ ቤትህ አልገባም።»

ከዚያ ተነሣና ወጣ። መኪናውን አስነሥቶ ሊሄድ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን የክት ጫማውን እንዳደረገ ወደ ደረጃው ሄደና የቀረችውን የሳር ቁራጭ በሁለት እጁ ይዞ ገፈፋት። አልጠቀለላትም፤ በንዴት ጎትቶ አጥሩ ሥር ወረወራት። በንዴት የተሠራ ሥራም ሥራ ነው።

«ጥቅሉ የት ይሂድ?» አለች ቫኔታ።

«ወደ እኔ!» አለች ፐርሊን። «ዶሮዬ ሳር ትወዳለች። እባቡን ግን ኦዜላ ታስቀረው፤ እኔ እንግዳ አላበዛም።»

ሲመሽ ሄዱ። ላሞንት ጉንጬን ሳመኝ፤ የተቀጣ ልጅ እንደሚስመው አድርጎ። «ልክ ነሽ» አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። «ለቀቅኩሽ» ማለትም አላስፈለገውም፤ የሚለቀኝ እሱ መች ሆነና። ሻንጣዬ ግን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ እንዳለ አደረ።

በማግስቱ አፈሩ ጠፈፍ ሲል መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ። ወንበር ይዤ ነው፤ ጥቂት እጠርጋለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እጠርጋለሁ። ፐርሊን በመስኮቷ እጇን አነሣችልኝ፤ ያን ቀን ቅቤ ልትበደር አልመጣችም። ከአጥሩ በር ጀምሬ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያልኩ ሄድኩ፤ የላሞንት መኪና ጎማ የተወውን ዱካ ግን ዙሪያውን ጠርጌ አለፍኩት። እኛ ዘንድ የሄደ ሰው ዱካ ወዲያው ከተጠረገ ሰውየው አይመለስም ይባላል። ልጄ እንዲመለስ እፈልጋለሁ።

ሲመጣ ግን ደውሎ ይምጣ።